ደስ የሚል ወሬም ይጣራል



በየግሩፖቻችን የሚገባው መልእክት በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የጀመዓ ጉዳይ ነው፦ የቂርኣት ሰዓት ተቀይሯል፣ የኢፍጣር ምዝገባ ነገ ያበቃል፣ መስጂድ ውስጥ የተረሳ ቦርሳ ተገኝቷል። ሁለተኛው የትምህርት ነው፦ ሃንድአውት፣ የአምና ፈተና፣ "አሳይመንቱ መቼ ነው የሚገባው?" የሚል ጥያቄ። ሦስተኛው ግን "ሱብሃነላህ!" ብሎ ይጀምራል። ናሳ ለዓመታት የደበቀው ነገር ተጋለጠ፤ በሰውነቱ ላይ የአላህ ስም የተጻፈበት ዓሣ ተያዘ፤ አንድ ትልቅ የምዕራብ ሳይንቲስት ቁርኣን አንብቦ ሰለመ፤ ሮቦት አዛን አለ። ከሥሩ የማሻአላህና የአላሁ አክበር ኮሜንት ይደረደራል። ብዙም ሳይቆይ ያው መልእክት በሌሎች ግሩፖች ይታያል።

ኢሻ ሰግደን ወደ ዶርም ስንመለስ ከምናነሳቸው ጨዋታዎች ብዙዎቹ ከዚህ ከሦስተኛው የሚመጡ ናቸው። ነገሩ በራሱ ክፋት የለውም። በሚያስገርም ነገር መገረም የጤነኛ ሰው ባሕርይ ነው፤ ቁርኣንም ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራራንና ምድርን ልብ ብለን እንድንመለከት ይጋብዘናል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ሃይማኖታችንን የሚነቅፍ ወሬ ሲመጣ "ምንጩ የት አለ?" ለማለት ማንም አይዘገይም። የሚያሞግሰን ወሬ ሲመጣስ? ያንኑ ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ኢማኑ እንደ ደከመ ይታያል። ከሲራም ሆነ ከሐዲስ ሊቃውንት ሥራ የምንማረው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለእኛ የሚያደላው ወሬ ይበልጥ መጣራት አለበት።

ጨረቃ ላይ ተሰማ ስለተባለው አዛን

ኒል አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ ሲራመድ አዛን ሰማ፣ ኋላም ያንኑ ድምፅ በግብፅ ሲሰማ ሰለመ የሚለውን ወሬ ያልሰማ በመካከላችን ጥቂት ነው። ወሬው በዕድሜ ከብዙዎቻችን ይበልጣል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ እስከ ግብፅ ተዳርሶ ስለነበር፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 1983 በሙስሊም አገሮች ላሉ ኤምባሲዎቹ ሰውየው እንዳልሰለመ የሚገልጽ መልእክት ላከ። አርምስትሮንግ ማንንም ማስቀየም ወይም የማንንም ሃይማኖት መንቀፍ እንደማይፈልግ፣ ነገር ግን ወሬው ትክክል እንዳልሆነ እንዲነገርለት ጠይቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪሞት ድረስ ወሬው አልተወውም፤ ከሞተም በኋላ ይኸው በስልካችን ይዞራል። ማስተባበያውን ለማያምን ሰው ደግሞ ፊዚክሱ አለ። ድምፅ የሚጓዘው በአየር ወይም በሌላ አካል ውስጥ ነው፤ ጨረቃ ላይ ድምፅ የሚያስተላልፍ አየር የለም።

ከዚሁ ጋር አብሮ የሚዞር ፎቶ አለ። ጨረቃ ላይ ረጅም ስንጥቅ ይታያል፤ ከሥሩ "ናሳ የጨረቃን መሰንጠቅ አረጋገጠ" ተብሎ ይጻፋል። ፎቶው እውነተኛ ነው። ስንጥቁም ሪማ አሪያዴየስ የሚባል ስም አለው። ርዝመቱ ግን ወደ 300 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የጨረቃ ዙሪያ ወደ 11 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች በሁለት ትይዩ ስንጥቆች መካከል ያለው መሬት ሲሰምጥ የተፈጠረ ሸለቆ ነው ይላሉ፤ የራሳችን ስምጥ ሸለቆም እንዲህ ባለ መስመጥ የተፈጠረ ነው። የጨረቃ መሰንጠቅ በሱረቱል ቀመር የተወሳ፣ በሶሒሕ ሐዲሶችም የተዘገበ ነው። የምናምነውም በዚያ ምክንያት ነው። ፎቶውን ማስረጃ ያደረገ ሰው ግን የማይነቃነቀውን እምነቱን አንስቶ በሚነቃነቅ ነገር ላይ አስቀመጠው።

ሦስተኛው የዓድ ሕዝቦች አጽም ነው። በዓረቢያ በረሃ የጋዝ ፍለጋ ላይ የነበሩ ሠራተኞች የግዙፍ ሰው አጽም አገኙ፤ መንግሥት አካባቢውን ዘጋ፤ የነቢዩ ሁድ (ዐ.ሰ) ሕዝቦች መሆናቸው ታወቀ ይላል። ፎቶው እ.ኤ.አ. በ2002 ለአንድ የፎቶ ማቀነባበር ውድድር የተሠራ ነው። ከበስተኋላው ያለው ጉድጓድ በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ማስቶዶን የሚባለው የጥንት ዝሆን መሰል እንስሳ አጽም የተቆፈረበት ቦታ ነው። ሠሪው ለውድድር እንጂ ለማታለል አልሠራውም። ሃይማኖታዊውን ታሪክ የጨመሩበት በኋላ የተቀበሉት ሰዎች ናቸው።

ከመካ ወደ ሐበሻ የደረሰ ወሬ

ይህ የስልክ ዘመን በሽታ ብቻ እንዳይመስለን፣ በሲራ ውስጥ እኛኑ አገር የሚነካ አንድ ታሪክ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ ተሰደው ጥቂት ወራት እንደቆዩ አንድ የምሥራች ደረሳቸው፤ የመካ ሰዎች ሰለሙ የሚል። ከዚህ የሚበልጥ ደስ የሚል ወሬ ለስደተኛ የለም። ከፊሎቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ባሕሩን ተሻግረው ተመለሱ። መካ ሲቃረቡ ወሬው ሐሰት መሆኑን አወቁ።

ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የወሬውን ምንጭ ከአንድ እውነተኛ ክስተት ጋር ያያይዙታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱረቱ ነጅምን ቀርተው ሱጁድ ሲወርዱ፣ እዚያ የነበሩ ሙሽሪኮችም አብረው ሱጁድ ወርደው ነበር። ሱጁዱ ተደርጓል። "ሰለሙ" የሚለው ግን በመንገድ ላይ የተጨመረ ነው። ዛሬ የ10 ሰከንድ ቪዲዮ ተቆርጦ ሌላ ርዕስ ሲሰጠው የምናየው ይህንኑ ነው፤ የሚታየው ነገር እውነት ነው፣ የተባለለት ግን ሌላ ነው።

ወሬው ዋጋ አስከፍሏል። ከተመለሱት ከፊሎቹ በድብቅ፣ ከፊሎቹም በአንድ የቁረይሽ ሰው ጥበቃ ሥር ሆነው መካ መግባት ነበረባቸው። ዑስማን ኢብን መዝዑን (ረ.ዐ) የወሊድ ኢብን አልሙጊራን ጥበቃ አግኝቶ ነበር። ወንድሞቹ እየተሰቃዩ እሱ በሙሽሪክ ጥላ ሥር በሰላም መኖሩ ከነከነውና ጥበቃውን በአደባባይ መለሰ፤ ከዚያም ዓይኑን ተመታ። የእሱን ጽናት ስናወሳ ሁልጊዜ እንደነቃለን። ወደዚያ ሁኔታ ያደረሰው ግን ጠላት የነዛው ክፉ ወሬ እንዳልነበር ልብ እንበል። ሁሉም እውነት እንዲሆን የሚመኘው የምሥራች ነበር።

ፀሐይ የተጋረደችበት ቀን

ሁለተኛው ታሪክ ከመዲና ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች ፀሐይዋ ለኢብራሂም ሞት ተጋረደች አሉ። ይህን ያሉት የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው፤ ያሉትም በቅን ልብ ነው። ነቢዩም ከባድ ሐዘን ላይ ነበሩ። ዝም ቢሉ እንኳ ወሬው በራሱ ይሰራጭ ነበር፤ የብዙዎችንም ልብ ይማርክ ነበር።

እሳቸው ግን ሰዎቹን አሰግደው ሲያበቁ ወሬውን እዚያው አረሙት። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ተአምራት ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሰው ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተማሩ፤ ግርዶሽ ሲታይም ወደ ሶላትና ዱዓ እንዲሄዱ አዘዙ። ሐዲሱ በቡኻሪም በሙስሊምም የተዘገበ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ ላይ እንደ ቀለበት ሆና በታየች ጊዜ፣ በስልክ የሚዞረው ትንቢትና ትርጓሜ ብዙ ነበር። ለእኛ ግን መልሱ ከ1,400 ዓመት በፊት ተሰጥቶ ነበር።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለእሳቸውና ለልጃቸው ክብር የሚሰጥ፣ ማንም የማይከራከርበት ወሬ ቀርቦላቸው እውነት ስላልነበረ አልተቀበሉትም። እሳቸው ያልፈለጉትን ድጋፍ እኛ ዛሬ በፎቶሾፕ እናምጣላቸው የሚል ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

በበጎ ኒያ የተፈጠረ ውሸት

"ውሸትም ቢሆን ሰውን ወደ ዲን ካቀረበ ምን አለበት?" የሚል ወንድም አይጠፋም። ይህም አዲስ ጥያቄ አይደለም። ኑሕ ኢብን አቢ መርየም የተባለ ሰው ስለ እያንዳንዱ ሱራ ትሩፋት ሐዲስ ይፈጥር እንደነበር የሐዲስ ሊቃውንት መዝግበዋል። ሲጠየቅ የሰጠው ምክንያትም ተመዝግቧል፤ ሰዎች በፊቅህና በታሪክ ተጠምደው ቁርኣንን ሲተዉ አይቶ ወደ ቁርኣን ሊመልሳቸው ፈልጎ ነው። ኒያውን ሰምተው ሊቃውንቱ አላለፉትም። ስሙን ከውሸታሞች ተርታ ጻፉት፤ ሐዲሶቹንም መውዱዕ ብለው ጣሏቸው።

የሸኽ አሕመድ ሕልም የሚባለውም እንዲሁ ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀብር ጠባቂ አየው የተባለ ሕልም፣ አባዝቶ ለሌሎች የሚያደርስ እንዲህ ያገኛል፣ ችላ የሚል እንዲህ ይሆናል እያለ ከስልክ በፊት በወረቀት ይዞር ነበር። ሸኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ባዝ ሐሰት መሆኑን ለይተው ጽፈውበታል። ዛሬ "ለ10 ሰው ላክ፣ ካልላክህ ሰይጣን ነው የከለከለህ" የሚለው መልእክት የዚያው ወረቀት የልጅ ልጅ ነው።

ኢስናድ የሌለው ፎርዋርድ

ዑለማዎቻችን ወሬን ለማጣራት የዘረጉትን ዘዴ ስናስብ እንኮራለን፤ እንኮራበታለንና እንጠቀምበት። ኢስናድ ማለት "ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን?" ማለት ነው። በሰንሰለቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ራዊ ታማኝነቱና የማስታወስ ችሎታው ይመዘናል። ይህን ሚዛን አንስተን ለአንድ የቴሌግራም መልእክት እናውለው። "አንድ ጃፓናዊ ሳይንቲስት" የሚለው ስሙ ስለማይታወቅ መጅሁል ነው። "ናሳ አረጋገጠ" ብሎ ሊንክ ከሌለው ሰንሰለቱ የተቆረጠ ነው። "እንደ ደረሰኝ" የሚለው ደግሞ ላኪው ራሱ ኃላፊነቱን እንደማይወስድ የተናገረበት ቃል ነው። ታዲያ እኛ ለምን እንወስድለት?

ወሬው ለምን እንዲህ እንደሚፈጥን የሚያሳይ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት የታተመው የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች ሥራ፣ ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሰራጩ ወደ 126 ሺህ የሚሆኑ ወሬዎችን ተከታትሏል። ሐሰተኛው ወሬ ሼር የመደረግ ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ ይበልጥ ነበር። ዋናው አሰራጭም ሰው እንጂ ኮምፒውተር አልነበረም። ሐሰቱ አዲስና አስገራሚ ስለሚመስል ሰው ያነሳዋል፤ እውነት ብዙ ጊዜ እንዲህ አያስደነግጥም።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ያኔ የግዙፉን አጽም ፎቶ ለመሥራት ሙያ ያለው ሰው ሰዓታት ያስፈልጉት ነበር፤ ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 "ዓይኖች ሁሉ ወደ ራፋህ" የሚለው ምስል በኢንስታግራም ከ40 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተጋርቷል። ሐዘኑ እውነት ነው፤ ራፋህም እውነት ነው። ምስሉ ግን በኮምፒውተር የተፈጠረ ሰው የማይታይበት የድንኳን ሰልፍ ነበር። የጋዛ ጋዜጠኞች ሕይወታቸውን ከፍለው ያነሷቸው ፎቶዎች እያሉ፣ ዓለም በብዛት የተቀባበለው ማንም ያላነሳውን ነው።

ስልካችን ላይ ምን እንደሚቀድም የሚወስነው አልጎሪዝም ይባላል። ቃሉ የመጣው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ከኖረው ሙስሊም የሒሳብ ሊቅ ከሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው። ይህ ተጣርቶ የተገኘ አስገራሚ ወሬ ነውና በደስታ ሼር አድርጉት።

ኮሜንት ላይ ያለው አደጋ

አልጎሪዝሙ ስለ እውነትና ሐሰት አይጠይቅም፤ ሰው ምን ያህል እንደቆመበት ይቆጥራል። "አሚን በሉ" ያለውን ሐሰተኛ ምስል "አሚን" ያለውም፣ "ይህ ውሸት ነው" ብሎ የተከራከረውም እኩል ይገፉታል። እንዲህ ያሉ ምስሎችን በየቀኑ የሚለጥፉ ገጾች ብዙዎቹ ተከታይ ማከማቸት ነው ዓላማቸው፤ ተከታዩ ሲበዛ ገጹ ይሸጣል፣ ወይም የማጭበርበሪያ ማስታወቂያ ይጫንበታል። ስለዚህ ሐሰት ስናይ እዚያው ሥሩ ከመጨቃጨቅ፣ ለላከልን ሰው በግል መጻፍ ይሻላል። "ወንድሜ፣ ይህን አጣርቼው ነበር፤ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት" ብሎ ሊንኩን መላክ ይበቃል። በግሩፕ ፊት "አታነብም እንዴ?" ማለት ሰውየውን ያሳፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ አይሰማም። ሲራራ ያረመ ሰው ሁለት ምንዳ ይከጅላል፤ ውሸቱንም አስቆመ፣ የወንድሙንም ክብር ጠበቀ።

ለምን ይህን ያህል አከበድነው?

ምክንያቱ ካምፓስ ውስጥ ነው ያለው። በአንድ ዶርም የምንኖረው ብዙ ጊዜ የተለያየ እምነት ያለን ተማሪዎች ነን። ገና ከቤተሰቡ የተለየ አንድ የፍሬሽማን ወንድማችን የአርምስትሮንግን ታሪክ ለዶርም ጓደኛው ቢያነብለት፣ ያኛው ስልኩን አውጥቶ በሁለት ደቂቃ እውነቱን ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ቁርኣን የሚነገረውን ሁሉ በዚያው ሚዛን ይሰፍረዋል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ወንድማችን ራሱ ነው። ኢማኑ በዚያ ወሬ ላይ ተደግፎ ከሆነ ወሬው ሲወድቅ ምን ይይዛል? ለሐሰተኛ ተአምር ኃላፊነት የወሰደ ጀመዓ ለዚህ ልጅ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ሌላው ከዚህም የከበደ ነው። በአገራችን መስጂዶች በእውነት የተቃጠሉባቸው ቀናት ነበሩ። በእንዲህ ያለ ቀን ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ዓመት የተወሰደ አንድ ፎቶ ቢቀላቀል፣ ሊክድ የሚፈልግ ሰው ያችን አንዷን ይዞ እውነተኛውን ሁሉ ውሸት ይላል። የተበደለው ሰው ሁለተኛ ይበደላል። ወይም ደግሞ ፎቶው ያስቆጣው ወጣት ምንም የማያውቅ ጎረቤቱ ላይ ይነሳል። ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ሲያዝ ምክንያቱን አብሮ ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት። ሕጉም አለ፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ያሰራጨውንም ይጠይቃል። ለእኛ ግን ከሕጉ በፊት የሚመጣው አላህ ፊት ያለው ጥያቄ ነው። ጆሮም፣ ዓይንም፣ ልብም እንደሚጠየቁ በሱረቱል ኢስራእ ተነግሮናል፤ ፎርዋርድ የምታደርገውን አውራ ጣት ከዚያ ውጪ አናድርጋት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አስገራሚ ወሬ መጋራታችንን እንድናቆም አንጠይቅም፤ ከመላካችን በፊት ሦስት ነገሮችን እናድርግ። አንደኛ፣ ስም፣ ቀንና ቦታ እንፈልግ፤ ሦስቱም ከሌሉት አይላክ። ሁለተኛ፣ ፎቶ ከሆነ በጎግል ሌንስ ወይም በቲንአይ እንፈልገው፤ መጀመሪያ የወጣበት ዓመት ብዙውን ጊዜ ነገሩን ይጨርሰዋል። ሦስተኛ፣ ሐዲስ ወይም የዲን ጉዳይ ከሆነ ለኡስታዞቻችን እናሳያቸው። ካልተረጋገጠልን ዝም ማለት እንችላለን። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ውሸታም ለመባል ያ ብቻ እንደሚበቃው በሐዲስ ተነግሮናል።

የተጣራ ወሬ ደግሞ አያሳፍርም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በቤተ መጻሕፍቱ ያሉ ሁለት የቁርኣን ብራና ቅጠሎች በካርቦን ምርመራ ከ568 እስከ 645 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቁ አሳወቀ፤ የውጤቱ አስተማማኝነትም 95.4 በመቶ ነው። የተለካው ብራናው እንጂ ቀለሙ አይደለም፤ ይህን አብረን መናገር አለብን። እንደዚያም ሆኖ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን እጅግ የቀረበ ቅርስ ነው። በቅጠሎቹ ላይ ከሱረቱል ከህፍ፣ ከሱረቱ መርየምና ከሱረቱ ጣሃ የተወሰዱ አንቀጾች አሉ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) በዚህችው በሐበሻ ምድር በነጃሺ ፊት ቆሞ የቀራው ከሱረቱ መርየም መክፈቻ ነበር። ንጉሡ ጃዕፈርን የሰማው ስለ ስደተኞቹ ቁረይሾች ያመጡትን ክስ ብቻ ሰምቶ መፍረድ ስላልፈለገ ነው።

አላህ እውነትን እውነት አድርጎ ያሳየን፣ እንድንከተለውም ይርዳን፤ ሐሰትንም ሐሰት አድርጎ ያሳየን፣ እንድንርቀውም ይርዳን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።